ከደሴ ወርዶ ኮራል ለማንሳት የትኛው ካሜራ ይሻላል?

በዚህ ወር ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። አንዱ እንደ እኔ ደሴ ውስጥ የሠርግ ፎቶ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ሌላዋ ጅዳ የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። ዳይቪንግ ተምራ በዕረፍት ቀኗ ቀይ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ጀምራለች። ሁለቱም "ውሃ ውስጥ ፎቶ ለማንሳት ምን ልግዛ?" ነው ያሉኝ። የሰጠኋቸው መልስ ግን ለየቅል ነው።

እኔ ከባሕር ጋር የተዋወቅሁት ጅቡቲ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደውን መንገድ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ሙሻ ደሴት አጠገብ መጀመሪያ የጠለቅሁ ቀን ያየሁት ቀለም እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ያነሳሁት ፎቶ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነበር። ለእናቴ ሳሳያት ዓሣው የት እንዳለ በጣቴ መጠቆም ነበረብኝ።

ውሃ ብርሃንን ይበላል። ከቀለማት ሁሉ መጀመሪያ የሚበላው ቀዩን ነው። 5 ሜትር ላይ ቀይ በጣም ደብዝዟል፤ 10 ሜትር ላይ የለም ማለት ይቻላል። ቀይ ሽርጥ ይዛችሁ ብትወርዱ ሽርጡ ጥቁር መስሎ ይታያችኋል። ደግሞ የሚቆጠረው ወደ ታች ያለው ርቀት ብቻ አይደለም። ከዓሣው እስከ ሌንሱ ያለው ውሃም ቀለም ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ጥሩ ፎቶ የሚወጣው ቅርብ ሲገባ ነው፤ ቢቻል ከአንድ ሜትር ባነሰ ርቀት። ዙም እዚህ አያድንም። ካሜራ ስታወዳድሩ ሜጋፒክስሉን ትታችሁ "ምን ያህል ቅርብ ሆኜ ፎከስ ያደርግልኛል?" ብላችሁ ጠይቁ።

ከአክሽን ካሜራ፣ ማለትም ከትንሽና ጠንካራ የቪዲዮ መቅረጫ፣ ልጀምር፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። ጎፕሮ ሂሮ 12 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 400 ዶላር ነበር። ያለ ሳጥን 10 ሜትር፣ ካሜራው ከሚገባበት ውሃ የማያስገባ ሳጥን ጋር 60 ሜትር ይወርዳል። ሌንሱ በጣም ሰፊ ነው፤ ቪዲዮው ሸጋ ነው፤ አያያዙም ቀላል ነው። ትልቅ ነገር ለማንሳት ደግሞ የሚስተካከለው የለም። ጅቡቲ ውስጥ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ ይመጣል። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው። እዚያ የሚታዩት በአብዛኛው ገና ያልደረሱት ናቸው፤ ቢሆንም አጠገባችሁ ሲያልፉ መኪና ያለፈ ነው የሚመስለው። የሚበሉት ደቃቅ ነገር ስለሆነ ውሃው ብዙ ጊዜ ድፍርስ ነው። ሰው ደግሞ የሚያያቸው ከላይ እየዋኘ ነው፣ ሳይጠልቅ። ፀሐይ አለ፣ ዓሣው ቅርብ ነው፣ ሰፊ ሌንስ ነው የሚያስፈልገው። ፍላሽ ይዞ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

ትንሽ ነገር ላይ ግን አክሽን ካሜራ ይሸነፋል። ከ30 ሳንቲሜትር በታች ያለውን ነገር ያደበዝዘዋል። የኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ውበት ደግሞ ግማሹ ትንሽነቱ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ የጣት ጥፍር የምታክል፣ ቅርፊት የሌላት የባሕር ቀንድ አውጣ አገኘሁ። ጀርባዋ ላይ ያለው መተንፈሻዋ እንደ አበባ ተከፍቶ፣ ማዕበሉ በነካው ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይዘነበላል። ሩብ ሰዓት ያህል አጠገቧ ቆየሁ። ቤት ስገባ ቪዲዮው ላይ የነበረችው ብርቱካናማ ነጥብ ናት።

ለእንዲህ ያለው ነገር ኮምፓክት ካሜራ (ሌንሱ የማይቀየር ትንሽ ካሜራ) ነው መፍትሔው። ኦኤም ሲስተም ቲጂ 7 እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቷል፤ ዋጋው ያኔ 550 ዶላር ገደማ ነበር። 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ ይህን አይታችሁ አትናቁት። በማይክሮስኮፕ ሞዱ ከሌንሱ 1 ሳንቲሜትር ላይ ያለን ነገር ጥርት አድርጎ ያነሳል። ሮው ፋይል (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ምስል) ስለሚሰጥ የጠፋውን ቀለም ኮምፒውተር ላይ መመለስ ይቻላል። ጉድለቱ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ጨለም ሲል ፎቶው ይሻክራል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ካሜራው ያለ ሳጥን 15 ሜትር ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። የመጀመሪያ ደረጃ ጠላቂ ደግሞ እስከ 18 ሜትር እንዲወርድ ይፈቀድለታል። በዚያች በ3 ሜትሯ ልዩነት ብዙ ካሜራ ሞቷል። ዓሣ ስትከተሉ ጥልቀቱን የምታዩት ካለፋችሁት በኋላ ነው። ስለዚህ ፒቲ 059 የሚባለውን ሳጥኑን አብራችሁ ካልገዛችሁ ካሜራውን ባትገዙት ይሻላል። ሳጥኑ እስከ 45 ሜትር ይችላል፤ 300 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ደስ የሚለው፣ ይኸው ሳጥን እ.ኤ.አ. በ2019 ለወጣው ለቲጂ 6ም ይሆናል። ሁለቱ ካሜራዎች በፎቶ ጥራት እምብዛም አይለያዩም። እኔ ብሆን ያገለገለ ቲጂ 6 ገዝቼ የተረፈውን ብር መብራት ላይ አውለዋለሁ።

ውሃ ይገባብኛል ብሎ ለሚሰጋ ደግሞ ሲላይፍ ማይክሮ 3.0 የሚባል ካሜራ አለ። በር የለውም፣ የሚከፈት ነገር የለውም። 64 ጊጋ ሚሞሪው ውስጡ ነው፤ 60 ሜትር ይወርዳል። ባትሪው አይቀየርም። በጣም ትንሽ ነገር ለማንሳት ተጨማሪ ሌንስ ይጠይቃል።

ስልክን በሳጥን አድርጎ መውረድ አሁን እየተለመደ ነው፤ ዳይቭቮልክ የሚባለው ሳጥን ውሃ ውስጥ ስክሪን መንካት ያስችላል። ቪዲዮው ጥሩ ይወጣል። እኔ ግን ዋና ስልካችሁን ይዛችሁ አትውረዱ ነው የምለው። ቴሌብሩ፣ የባንኩ አፕ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ሁሉም አብሮ ይሰምጣል። ያለ ሳጥን "ስልኬ ውሃ አያስገባም" ማለትማ ጭራሽ አይሆንም፤ እሱ የተነገረው ለጥቂት ሜትር ንጹሕ ውሃ ነው።

የሠርጉ ጓደኛዬ ልብ ያለው ሌንሱ በሚቀያየረው ሚረርለስ ካሜራው ላይ ነበር። "ካሜራው አለኝ፣ ሳጥን ብቻ ልግዛለት" አለኝ። እውነት ነው፣ ምርጡ ምስል የሚወጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ለአንድ ሞዴል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ካሜራ የቀየራችሁ ዕለት ሳጥኑ ቀረ። ለሰፊ ሌንስ ክብ መስታወት፣ ለማክሮ (ትንሽ ነገር በቅርብ ለማንሳት) ጠፍጣፋ መስታወት ለብቻ ይገዛል። እንደ ናውቲካም ያሉት የአሉሚኒየም ሳጥኖች ከነ መብራታቸው ብዙ ሺህ ዶላር ናቸው። ክብደቱም አለ። ገና ሚዛኑን ጠብቆ መንሳፈፍ ያልቻለ ሰው ከባድ ካሜራ ሲይዝ በፊንሱ (እግሩ ላይ በሚያጠልቀው መዋኛ) ኮራሉን ይሰብራል። ትልልቁ ኮራል በዓመት የሚያድገው 1 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በአንድ ርግጫ የሚሰበረው የብዙ ዓመት ዕድገት ስለሆነ ይህ ነገር ያሳስበኛል። 50 ጊዜ ያህል ከመጥለቃችሁ በፊት ወደዚህ ባትገቡ ደስ ይለኛል።

ስለ መብራት ደሴ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጉም ሲወርድ ሹፌር ረጅም መብራት ካበራ የሚያየው ነጭ ግድግዳ ነው። ውሃ ውስጥም እንደዚያው ነው፤ ደቃቅ ነገር ይንሳፈፋል፤ የካሜራው የራሱ ፍላሽ ሲመታው ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። መብራቱ በክንድ ተንጠልጥሎ ከጎን መምጣት አለበት። ለጀማሪ ፍላሽ ሳይሆን ሳያቋርጥ የሚበራ የቪዲዮ መብራት ይቀለዋል፤ የሚያነሳውን ቀለም ቀድሞ ያየዋል። ከአንድ ሜትር በላይ ሲርቅ ግን ጉልበት የለውም፤ ያኔ ፍላሹ ይሻላል።

እና ለአክስቴ ልጅ ቲጂ 6፣ ሳጥኑንና አንድ መብራት አልኳት። ብዙ ጊዜ ትጠልቃለች፣ ሪፉ ቅርቧ ነው፣ ትንንሹን ነገር የማየት ትዕግሥት አላት። ጓደኛዬ የሚሄደው በታኅሣሥ አንድ ጊዜ፣ ለዌል ሻርክ ነው። አክሽን ካሜራ ይበቃሃል አልኩት። መጀመሪያ ቅር አለው። አብሽር፣ የዚያን ቀን ታመሰግነኛለህ ብዬዋለሁ።

ከደጋ የሚወርድ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ጠልቆ በመኪና ደሴ መውጣት እንደ መብረር ነው፤ ደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊጎዳ ይችላል። ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። እኔ ሙሉ ቀን ባሕሩ ዳር አድሬ ነው የምነሳው። አሰልጣኛችሁን ስለ ደሴ ከፍታ ነግራችሁ ጠይቁት። በዚያ ቀን ዕቃውን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጨዉን አስለቅቁት።

ከፍታው ሳጥኑንም ይነካዋል። ደሴ ላይ የተከደነ ሳጥን ጅቡቲ ሲደርስ አልከፈትም ይላል፤ ውስጡ ያለው ስስ አየር ስለሆነ የውጪው አየር ክዳኑን ይጫነዋል። ሳትከድኑት ውረዱ። እዚያ ስትከድኑት ደግሞ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ይሁን። የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ፣ ውሃው ሲያቀዘቅዘው መስታወቱ ላይ ላብ ይሆናል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምሩበት።

የመጨረሻው፣ የሳጥኑን ክዳን ዙሪያ ይዞ ውሃ የሚያግደው ጎሚኒ ነው። የመጀመሪያ ካሜራዬን የገደለችው አንዲት የጋቢ ክር ናት። ሌሊት በርዶኝ ጋቢ ደርቤ ነበር ሳጥኑን የከደንሁት፤ ክሯ ጎሚኒው ላይ ተኝታ አላየኋትም። 8 ሜትር ላይ ጥጉ ላይ የእንባ ጠብታ የምታክል ውሃ አየሁ። ወደ ላይ ስደርስ ካሜራው ጠፍቶ ነበር። አሁን ጎሚኒውን አውጥቼ፣ በሁለት ጣቴ መሃል ዙሪያውን እስበዋለሁ። ዓይን ያላየውን ጣት ያገኘዋል። አምራቹ የሚሰጠውን ቅባት በስሱ እቀባዋለሁ።

አዲስ ሳጥን ሲደርሳችሁ እቤት ሞክሩት። ካሜራውን አታስገቡ። ሶፍት አጥፋችሁ ውስጡ አድርጉና ክደኑት። ሳፋ ሙሉ ውሃ ውስጥ ድንጋይ ጫኑበትና ለአንድ ሰዓት ተዉት፤ በመሃል አዝራሮቹን ሁሉ ደጋግማችሁ ተጫኑ። ከዚያ ውጪውን በደንብ አድርቃችሁ ክፈቱት። ሶፍቱ በአንድ ጥጉ እንኳ ከራሰ ለሻጩ መልሱ። ባሕር ላይ ስትደርሱም መጀመሪያ ስትጠልቁ ባዶውን ሳጥን ይዛችሁ ውረዱ፤ ሳፋ የ10 ሜትርን ግፊት አይሰጥም።