ለታመመ የኩሬ ዓሣ፦ ጨው ወይስ አንቲባዮቲክ?

ቆሮሶ (ቲላፒያ) ጎኑ ቀልቶ፣ ክንፉ ተበጣጥሶ ሲታይ የብዙ አርቢ እጅ በቀጥታ ወደ አንቲባዮቲክ ይሄዳል። እኔ ግን ቅድሚያ ለጨው ስጡ እላለሁ።

100 ሊትር ውኃ በያዘ በርሜል ውስጥ አንድ ኪሎ ጨው ይሟሟል፤ ዓሣው ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይነከራል። አጠገቡ ሆናችሁ ተከታተሉት፤ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ከተጋደመ ወዲያው ይውጣ። ጨው በቆዳና በስንጥብ ላይ የተጣበቁ ጥገኛ ተሕዋስያንን ያራግፋል፤ ሻጋታንም ይገታል። ኩሬውን በሙሉ በጨው ማከም ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለ300 ሜትር ኩብ ውኃ፣ በሊትር 1 ግራም ብቻ ቢታሰብ እንኳ፣ ሦስት ኩንታል ይጠይቃል።

ኤሮሞናስ የተባለው ባክቴሪያ ደም ውስጥ ከገባ፣ ማለትም ሆድ ሲነፋ፣ ዓይን ሲፈጥ፣ ጨው አይደርስበትም። ያኔ የእንስሳት ሐኪም ያዘዘው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ተቀላቅሎ ለተከታታይ ቀናት ይሰጣል። ችግሩ፣ በጠና የታመመ ዓሣ አይበላም፤ መድኃኒቱ የሚያድነው ገና የሚበሉትን ነው። ስለዚህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። ሕክምናው ካበቃም በኋላ ሐኪሙ የወሰነው ጊዜ ሳያልፍ ዓሣው ለገበያ መቅረብ የለበትም።

አንቲባዮቲኩን ኩሬ ውስጥ መበተን ግን እባካችሁ ይቅር! በውኃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ኃይሉን ያዳክመዋል፤ መድኃኒቱ ደግሞ መርዛማውን አሞኒያ የሚያጣሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ የተረፉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለምዱታል።

ኤሮሞናስ በኩሬ ውኃ ውስጥ ሁልጊዜም አለ፤ የሚበረታው ዓሣው ሲዳከም ነው። ዓሦቹ ንጋት ላይ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ከወጡ ኦክስጅን አንሷቸዋል፤ ጨውም ሆነ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት መኖ ቀንሱ፣ ንጹሕ ውኃ ጨምሩ።