በረራና ካላንደር ያስታረቀችልኝን ባለሙያ ላመስግን

ይህን ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ ይወቅሰኛል። ለአለቃ የሥራ ጉዞ የምታስይዙ ረዳቶች፣ በተለይ እናንተ አንብቡልኝ።

ከእሷ በፊት ያየሁት ፍዳ ነው። መጀመሪያ ያሠራናቸው ሰዎች የሠሩት ሲስተም፣ ትኬት በቆረጥኩ ቁጥር በረራውን የሚያስገባው እኔ ካላንደር ላይ ነበር። ማረጋገጫው በእኔ ኢሜይል ስለሚመጣ ተጓዧ እኔ ነኝ ማለት ነው! አለቃዬ ጋ ባዶ ነው፤ ሰው በበረራ ሰዓታቸው ስብሰባ ይይዝባቸዋል። ሁለተኛዎቹ ባሱ። በረራ ሲቀየር የድሮው ሳይጠፋ አዲሱ ከጎኑ ይደረደራል፣ የትኛው እውነት እንደሆነ ለማወቅ እንደገና አየር መንገዱ ጋ መደወል ነው። ስንነግራቸው «ሲስተሙ እንዲህ ነው» ይላሉ። ክፍያውን ከተቀበሉ በኋላ ስልክም አያነሱም። ወቀሳው ግን በረዳቷ ላይ ነው የሚያርፈው። በጣም ያንገበግባል።

ይህቺ ልጅ ስትመጣ ኮምፒውተሯን እንኳ አልከፈተችም። ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ አለችና «እስቲ አንድ ጉዞ ሲያስይዙ ልይ» አለችኝ። የመነሻውንና የመድረሻውን ሰዓት ወረቀት ላይ ስጽፍ አይታ «ይሄን ለምን በእጅ ይጽፉታል?» አለች። ካላንደሩን ስለማላምነው ነው አልኳት፤ የከተሞቹ ሰዓት ስለሚለያይ ይምታታል። ማታ ከቶኪዮ የተነሳ ሰው ሎስ አንጀለስ የሚደርሰው በዚያው ዕለት ቀን ላይ ነው። የኒውዮርክና የለንደን ልዩነትም አብዛኛውን ጊዜ 5 ሰዓት ሆኖ፣ ማርች ላይ አሜሪካ ሰዓቷን ቀድማ ስለምትቀይር ለሁለት ሦስት ሳምንት 4 ይሆናል። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ «በረራ ሲቀየር መጀመሪያ ማን ይወቅ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ልወቅ አልኳት፤ ሆቴሉን፣ መኪናውን፣ ስብሰባውን ካስተካከልኩ በኋላ አለቃዬ ይስሙ።

ልክ እንዳልኳት ሠራችው። በረራው እሳቸው አውትሉክ ካላንደር ላይ ይገባል፣ ሌላው ሠራተኛ «ተይዟል» የሚለውን ብቻ ያያል፣ ለውጥ ሲኖር መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል፣ እኔ እሺ ስል ያው የድሮው ቀጠሮ ይንቀሳቀሳል እንጂ ሌላ አይወለድም። ሰዓቱም በየከተማው ትክክል ነው። ውስጡን እንዴት እንዳደረገችው አትጠይቁኝ፣ ስታስረዳኝም አልገባኝም።

ባለፈው አለቃዬ ስብሰባ ላይ እያሉ በረራቸው ተገፋ። ሲወጡ ሁሉም አልቆ ነበር፣ ሹፌሩም አዲሱን ሰዓት አውቋል። የልጄ ልደት ላይም ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ትቼ ተቀመጥኩ። ይህን የሚያውቀው በዚህ ሥራ ያለ ሰው ብቻ ነው።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ሥራሽን ብቻ ሳይሆን ሥራዬንም አከበርሽልኝ። እናንተም አትሰቃዩ፣ እሷን አናግሯት። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።