በቴምዝ ዳር ያለችው ጎሪንግ፦ መኪና ለሌለው እንግዳ ምን ያህል ትመቻለች?

ኑሮዬ ሜሪላንድ ቢሆንም ያደግሁትም ቤተሰቦቼ ያሉትም ለንደን ነው። ዘንድሮ በፍልሰታ ሰሞን ለእረፍት ስመለስ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቴን ይዤ ጎሪንግ ሄድኩ፤ መንደሯንም መኪና ለሌለው ሰው እጅግ የምትመች ሆና አገኘኋት። ምክንያቱ አቀማመጧ ነው። በምሥራቅ የቺልተርን፣ በምዕራብ የበርክሻየር ኮረብቶች ተጠጋግተው ወንዙ መካከላቸውን ጥሶ በሚያልፍበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለተቀመጠች፣ በ1840 የተከፈተው የባቡር መስመርም ሆነ የእግር መንገዶቹ እዚያው ይገናኛሉ።

ለንደን ካለው የፓዲንግተን ባቡር ጣቢያ ተነስተን በመንገድ ላይ ባለችው ሬዲንግ ከተማ ባቡር ቀየርን። ከጣቢያው ወንዙ ድረስ ቀስ ብለን በእግራችን ወረድን፤ ሱቁም ካፌውም መጠጥ ቤቱም ሩቅ አይደሉም።

እናቴን ከሁሉ በላይ የማረካቸው ከድልድዩ ሥር ያለው የጀልባ ማሳለፊያ ነው። ጀልባዋ በታችኛው በር ገብታ ከተዘጋባት በኋላ ውሃው ከላይ በዝግታ እየተለቀቀ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ያነሳታል፤ የላይኛው በር የሚከፈተውም ውሃው ከሁለቱም ወገን ሲስተካከል ብቻ ነው። ሠራተኛው እናቴን ከጠርዙ ራቅ እንዲሉ በትሕትና ነግሯቸው አግዳሚ ወንበር አሳያቸው፤ ከዚያ በኋላ እሳቸውን ከቦታው ማስነሳት የእኔ ፈተና ሆነ። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ በ1674፣ ከበዓል የሚመለሱ 60 ያህል ሰዎች የጫነች ጀልባ እዚሁ ተገልብጣ አብዛኞቹ ሰጥመዋል። የመጀመሪያው ድልድይ የተሠራው በ1837 ሲሆን፣ አሁን የምንሻገርበት የ1923 ነው።

ድልድዩን ተሻግሮ የሚገኘው ስትሪትሊ የተባለው መንደር ነው። ከበላዩ ያለውና ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሚያስተዳድረው ላርደን ቼዝ የተሰኘው ኮረብታ መላውን ሸለቆ ያሳያል፤ ዳገቱ ግን ለጉልበት በሽተኛ አይሆንምና ብቻዬን ወጣሁ። ረጅም መንገድ ለሚወድ ደግሞ 139 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ሪጅዌይ የተሰኘው የእግር መንገድ የቴምዝን ዳር ከሚከተለው የእግር መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው።

ቅሬታዬ በማደሪያው ላይ ነው። ምድር ቤት ክፍል እንዲሰጠን አስቀድመን ጠይቀን እሺ ከተባልን በኋላ ቁልቁለቱ የሚያስፈራ ደረጃ ያለው ፎቅ ላይ አወጡን፤ ክፍሉ ንጹሕ መሆኑን ግን አልክድም። እራትን በተመለከተ፣ መጠጥ ቤቱ የቪጋን ምግቦቹን በዝርዝሩ ላይ ለይቶ ስለሚያመለክት ጿሚዋ እናቴ አልተቸገሩም። ይሁንና ወጥ ቤቱ ገና ሳይመሽ ትእዛዝ መቀበል ስለሚያቆም፣ አምሽቶ የሚደርስ ሰው ሬዲንግ ላይ በልቶ ቢሳፈር ይሻለዋል። እሁድ የሚመለስ ደግሞ በሐዲድ ጥገና ምክንያት አገልግሎቱ ሊቀየር ስለሚችል፣ ከመነሳቱ በፊት የባቡሩን ሰዓት ማጣራት ይኖርበታል።