በጅምላ ወይስ ለየብቻ? የናሙና ምርመራ ንጽጽር

100 ሰው አንድ ቫይረስ ይኑርበት አይኑርበት ልንመረምር ነው እንበል። ለየብቻ ከሆነ 100 ምርመራ፣ አለቀ። በጅምላ ከሆነ ግን ከእያንዳንዱ ናሙና ትንሽ ትንሽ ወስደን የአስር የአስሩን ሰው እንቀላቅልና መጀመሪያ 10 ምርመራ ብቻ እንሠራለን፤ ቫይረሱ ያልተገኘበት ድብልቅ ውስጥ ያሉት አስሩም ነፃ ተብለው ያልፋሉ፣ የተገኘበትን ደግሞ አንድ በአንድ ደግመን እናያለን። ሐሳቡን በ1943 ያቀረበው አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ሮበርት ዶርፍማን ነው፤ ያኔ የታሰበው የአሜሪካ ጦር ምልምሎችን ለቂጥኝ ለመመርመር ነበር።

ከ100ው አንድ ሰው ብቻ ከተያዘ በጅምላው 20 ምርመራ ይበቃል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም! የመመርመሪያ ኪት ሲያጥር ብዙ ሰው ይደረስበታል። በሽታው ሲስፋፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ10 ሰው 3ቱ ከተያዙ ሁሉም ድብልቅ ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ ስለሚሆን ከ100 በላይ ምርመራ እንጨርሳለን።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ የናሙናው መቅጠን ነው። 10 ናሙና ሲደባለቅ የአንዱ ሰው ቫይረስ በአስር እጥፍ ይሳሳል፣ በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በየዑደቱ እጥፍ እያደረገ አብዝቶ በሚያገኘው ምርመራ) መገኘቱ 3 ዑደት ያህል ይዘገያል፣ ትንሽ ቫይረስ ያለበት ሰው ሊያመልጥ ይችላል። ምልክት የሚታይበትን ሰው እኔ ብሆን ለብቻው ነው የምመረምረው። ድጋሚ ምርመራ ስለማይጠብቅ ውጤቱም ቶሎ ይደርሰዋል።