ደሴ ፒያሳ ላሉት ራዲዮ ጠጋኝ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሙዚቃ መሣሪያ የተበላሸበት ካለ ይህን ያንብብልኝ። ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንድ አባት አሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ራዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ ነው። የኔን ዲጂታል ኦሲሌተር ከመጣል ያዳኑልኝ እሳቸው ናቸው።

ዕቃው ፕሌይትስ ይባላል። በሞዱላር ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ሞዱል የሚባሉ ክፍሎች በገመድ እየተያያዙ በሚሠሩት የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ውስጥ፣ ድምፁን የሚያመነጨው ክፍል ነው። እህቴ ናት ከውጭ ያመጣችልኝ። ኖታውን የሚቀበለው በቮልት ነው፤ 1 ቮልት ሲጨመርለት ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ እስኪደገም ድረስ) ከፍ ይላል። የኔው ግን ገመዱ በተነካ ቁጥር ኖታው ይዘል ጀመር። መጀመሪያ ያሳየሁት ባለሙያ ሳይከፍተው «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ተወው» አለኝ። ሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

እኚህ አባት ካውያቸውን ከመሰካታቸው በፊት «እስቲ አምባሰል ተጫወትበት» አሉኝ። ሁለተኛው ኖታ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «እዚች ጋ ሸሸ» አሉ። እውነታቸውን ነው። በአምባሰል ከመነሻው እስከ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ግማሽ ቶን ብቻ ነው፤ በቮልት ሲታሰብ 83 ሚሊቮልት ገደማ። ከዚያ ትንሽ ካለፈ አምባሰልነቱ ይቀራል። በጆሯቸው ነው የያዙት!

ከዚያ ከፍተው በማጉያ መነጽር አዩት። የኖታው ገመድ የሚሰካበት ጃክ እግር ዙሪያ፣ ሊዱ (ብየዳው) ላይ፣ ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ነበረች። የዚህ ሞዱል ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስልኬ ላይ አውርጄ አሳየኋቸው። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አረጋገጡ። አዲስ ሊድ ሰጡት፣ አለቀ።

እኔ ግን ስንጥቁ ሳይጠገን ካሊብሬት አድርጌው (ቮልቱን ከኖታው ጋር አስተካክዬው) ስለነበር ልኬቱ ተዛብቷል። «አብሽር ልጄ፣ እንደገና እንለካዋለን» አሉ። መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) እሳቸው ያዙ፣ ቁልፉን እኔ ተጫንኩ። መጀመሪያ 1 ቮልት፣ ቀጥሎ 3 ቮልት። እንደገና አምባሰሉን ስጫወት ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

300 ብር ነው የተቀበሉኝ። ልጨምር ብል እምቢ አሉ። አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ስልካቸው በይፋ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልለጠፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን አሳያችኋለሁ። ስትሄዱ ገመዱንም ፓወሩንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ድምፁን ሳይሰሙ አይከፍቱትም።