ሴፋሪያ፦ ጥያቄ ይዞ ለሚያነብ ሰው የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት

የዕብራይስጥ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለማጥናት በስልክና በኮምፒዩተር ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ ሳላመነታ ለሌላ ሰው የምመክረው ሴፋሪያን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጆሹዋ ፎርና በብሬት ሎክስፓይዘር የተመሠረተው ይህ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ኦሪትን፣ ነቢያትን፣ የአይሁድ መምህራን (ረቢዎች) የቃል ሕግ ስብስብ የሆነውን ሚሽናን፣ በሚሽና ላይ ያደረጉትን ክርክር የያዘውን ታልሙድንና በየዘመኑ የተጻፉ ትርጓሜዎችን ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ያቀርባል። የዕብራይስጡን ጽሑፍ ከአናባቢ ምልክቶቹ ጋርም ሆነ ያለ እነሱ ማንበብ ይቻላል። ያልገባውን ቃል የመረጠ አንባቢም የመዝገበ ቃላት ፍቺውን እዚያው ያገኛል።

ዋናው ጥቅሙ ግን አንድ ቁጥር ሲነካ በጎን በሚከፈተው መስኮት ላይ ነው፤ በዚያ ቁጥር ላይ ሊቃውንት የተናገሩት ብዙ ነገር፣ የተስማሙትም የተቃረኑትም፣ ተደርድሮ ይታያል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 22ን ከፍቶ አብርሃም ልጁን እንዲሠዋ የታዘዘበትን ቁጥር የነካ ሰው እ.ኤ.አ. በ1105 ያረፈውን የፈረንሳዩን ሊቅ ራሺን ያገኛል። ራሺ ትእዛዙን ምልልስ አድርጎ ያቀርበዋል፦ «ልጅህን» ሲባል አብርሃም ሁለት ልጆች አሉኝ ይላል፤ «አንድ ልጅህን» ሲባል ይህም ለእናቱ አንድ ነው፣ ያም ለእናቱ አንድ ነው ይላል፤ «የምትወደውን» ሲባል ሁለቱንም እወዳለሁ ብሎ ይመልሳል፤ ከዚህ በኋላ ነው የይስሐቅ ስም የሚጠራው። በሮሽ ሃሻና፣ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) አባቶቻችን ብርሃን ሠረቀ በሚሉት የአዲስ ዓመት በዓል፣ በሁለተኛው ቀን በምኵራብ የሚነበበው ይህ ምዕራፍ ነው፤ ምንባቡን ከነትርጓሜው አስቀድሞ ያየ ሰው በዓሉን የሚሰማበት ጆሮ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

እናቴ ካረፈች በኋላ መዝሙር ለመድገም ብቀመጥም ቃሉ ከአንደበቴ አልፎ ወደ ልቤ አልገባ ብሎኝ ከርሟል። እንዲህ ያለውን ነገር ለሰው መናገር ያሳፍራል፤ በእምነት ያደገ ሰው ጥርጣሬውን እንደ ነውር ይሸሽገዋልና። በዚያ ወቅት የረዳኝ በሴፋሪያ መጽሐፈ ኢዮብ ከታልሙድ ጋር ተያይዞ መቅረቡ ነው። ባባ ባትራ በሚባለው የታልሙድ ክፍል ገጽ 15 ላይ አንዱ ኢዮብ ያልነበረ፣ ምሳሌ ብቻ ነው ሲል ሌሎቹ የኖረበትን ዘመን እያነሡ ይከራከራሉ። በገጽ 16 ላይ ደግሞ ራቫ የተባለው መምህር የኢዮብን የምሬት ንግግር ተመልክቶ፣ ሰው በጭንቁ ሰዓት በተናገረው አይያዝም ይላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ምሬቴን ከጸሎት ውጭ ማስቀመጤን ተውኩ። ከዚያ አያይዤ ታዓኒት የተባለውን ሌላ የታልሙድ ክፍል ብከፍት ገጽ 30 ላይ ሌላ ነገር አገኘሁ፤ ቤተ መቅደሱ በፈረሰበት በቲሻ በአቭ ጾም፣ ኦሪት ልብን ደስ ያሰኛልና ጥናቱ ሲከለከል፣ ሰቆቃወ ኤርምያስና ኢዮብ ግን እንዲነበቡ ተፈቅዷል።

በዳስ በዓል የሚነበበው መክብብም እንዲሁ ነው፤ ሻባት በሚባለው ክፍል ገጽ 30 ላይ፣ ቃሉ እርስ በርሱ ይጋጫል ተብሎ ሊሰወር ታስቦ እንደነበር ተጽፏል። ጥያቄ ያለበት መጽሐፍ በበዓል ቀን በጉባኤ መካከል እንዲነበብ መደረጉን ከምንጩ ማየት ለተጨነቀ አማኝ ትልቅ ስንቅ ነው።

የሚጎድለውም ቀላል አይደለም። ገጾቹና ማውጫዎቹ የተዘጋጁት በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ለማያነቡ ወላጆቻችን በሩ ዝግ ነው። ታልሙዱ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በረቢ ስታይንሳልትስ ትርጉም በነጻ መቅረቡ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ብዙ አቅልሎለታል፤ ደምቆ የታተመው የጽሑፉ ቀጥተኛ ትርጉም ሲሆን ሳስቶ የታተመው የተርጓሚው ማብራሪያ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። መዝሙር ሲፈልጉም ጥንቃቄ ይሻል፤ የዕብራይስጡ አቆጣጠር ከግእዙ ዳዊት በአብዛኛው በአንድ ስለሚበልጥ፣ በጨለማ የሚያልቀው የሐዘን መዝሙር በሴፋሪያ 88ኛ፣ በግእዙ ግን 87ኛ ነው።

ለእኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። የጎን መስኮቱ የተሞላው በረቢዎች መጻሕፍት ነው፤ ኦሪትን በግእዝ ያነበቡልን ቄሶች በቃል ያስተማሩን ትርጓሜ እዚያ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ያዝናል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀው የስግድ በዓላችን ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን ይከበራል፤ ለዚያ ቀን ነህምያ ምዕራፍ 9ን በሴፋሪያ ማንበብ ይቻላል፣ ሕዝቡ በጾም ወደ ተራራ ወጥቶ ያንን ቃል እንዴት እንደሚሰማው ለማወቅ ግን ሽማግሌ መጠየቅ ግድ ነው።

በሰንበትና በበዓል ስልክ የማይነካ ሰው ምንባቡን በዋዜማው አትሞ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት የምንባብ ገጽ ለዚህ ይመቻል፤ በሌሎች የተዘጋጁትን ግን ጥራታቸው ስለሚለያይ እየመረመሩ መጠቀም ይሻላል። ለጀማሪ የምመክረው በሳምንቱ ፓራሻ፣ ለሳምንቱ በተመደበው የኦሪት ምንባብ፣ እንዲጀምር ነው፤ በየቀኑ አንድ የታልሙድ ገጽ የሚነበብበት ዳፍ ዮሚ 2,711 ገጾች ስላሉትና ሰባት ዓመት ተኩል ስለሚፈጅ ለመነሻ ይከብዳል። በሐዘን ወይም በጥርጣሬ ውስጥ ያለ ሰው ግን ፓራሻውን ሳይጠብቅ ኢዮብ ምዕራፍ 3ን ይክፈት፤ ከጎኑም የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሱን ያስቀምጥ።