«ስሂን» የሚለውን ስም ያስጠለፍኩበት የደሴ ጥልፍ ቤት

ልጄን ስሂን ብዬ ስሰይማት ደሴ ውስጥ ሁሉም የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። «በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ነው?» እዚህ ከተማ ስሂን ሲባል ሁሉም የሚያስበው ትምህርት ቤቱን እንጂ ሰውን አይደለም። አባቴ ራሱ «ስሂን ነው የተማርኩት» እያለ ነው ያሳደገኝ። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በዚህ ስም የምትጠራ ሕፃን ግን አጋጥማኝ አታውቅም። እኔ ያወጣሁላት በአያቴ ስም ነው። አያቴ የአምባሰል ሰው ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ስሙ የሰው ስም ነበር።

ክትባት ስናስጀምራት ካርዷ ላይ «ሲሃም» ተብሎ ተጻፈ። ሲሃም ቆንጆ ስም ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ ብቻ ሁለት ሲሃሞች አሉ። የኔዋ ግን ስሂን ናት። ለማስተካከል ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ያኔ ነው የክርስትናዋ ነጠላ ላይ ስሟን ጥርት አድርጌ ላስጠልፍ ብዬ የወሰንኩት።

ጥልፍ ቤቱን ያሳየችኝ ጓደኛዬ ናት። ፒያሳ ነው፣ ታፔላ የለውም። በረንዳ ላይ ሁለት የስፌት መኪና፣ ውስጥ አንድ ጠባብ ክፍል። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ከዚያ በፊት የጠየቅኩት ሌላ ቤት ስሙን ሰምቶ ወዲያው ዋጋ ነገረኝ። ጋሼ ግን መነጽራቸውን አውልቀው «በየትኛው ሀ ነው የምጽፈው?» አሉኝ።

ግራ ገባኝ። ወረቀት አውጥተው ጻፉልኝ። ልጅ ሆነው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በግእዝ ስኂን ማለት ዕጣን ነው፣ በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። ሰብአ ሰገል ለጌታ ያመጡት በግእዙ ወንጌል ወርቅ፣ ስኂንና ከርቤ ነው። አማርኛው ዕጣን ስለሚለው ቃሉ ከጆሯችን ጠፋ። የኮሌጁ ስም ግን በሃሌታው ሀ ነው የተለመደው። «ሁለቱም ያስኬዳል፣ ምርጫው ያንቺ ነው» አሉኝ።

አያቴ ስማቸው ዕጣን ማለት መሆኑን ነግረውኝ አያውቁም። ምናልባት ሁሉም ያውቀዋል ብለው ይሆናል። እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ መጣ። «አብሽሪ ልጄ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ስለተሰየመላቸው ስለ ወይዘሮ ስሂን አወጉኝ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው፣ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ሚስት። በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት የእቴጌ መነን እናት ናቸው። የወይዘሮ ስሂን አባት በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለዋል፣ እዚሁ ደሴ ያለው አይጠየፍ አዳራሽም የእሳቸው ነው። መነን የሚለው ስም እስከ ዛሬ ለልጅ ይወጣል። የእናታቸው ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀረ። ለእኔ ይሄ ያሳዝናል።

ጽሑፉን በብዙኃኑ አደረግሁት። ሰነዷ ላይ በሃሌታው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ሥራው። ናሙናውን በቁራጭ ጨርቅ መጀመሪያ አሳዩኝ። ክሩ ወፍራም ስለነበር የኂ እግር ተድበልብሎ ኄ መሰለ። ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። ቀጭን ክር ቀይረው፣ ያቺን አንዲት ፊደል በእጅ ጠለፏት። የነጠላውን ጀርባ ገልብጬ አየሁት። አንድም ቋጠሮ አይታይም። የሕፃን ገላ እንዳይቧጥጥ ከኋላ ስስ ጥጥ ሰፍተውበታል፣ እኔ ሳልጠይቃቸው። ቀለሙ ወርቃማ ነው። ካጠብኩት በኋላም ነጩ ላይ ምንም አልለቀቀም።

ጉድለቱን ልናገር። ማክሰኞ ውሰጂ ብለውኝ ሐሙስ ነው የሰጡኝ። በሰማንያ ቀኗ የምትጠመቅ ልጅ ላላት እናት ሁለት ቀን ቀላል አይደለም፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ቴሌብርም አይቀበሉም፣ ለጥሬ ብር ስል ባንክ ተሰልፌያለሁ። ስልክ ሲደወልላቸውም አያነሱም።

የከፈልኩት 450 ብር ነው። የመጀመሪያው ቤት 300 ብሎኝ ነበር። ልዩነቱን ከልቤ ነው የከፈልኩት። ስሟ ዕጣን መሆኑን ሳላውቅ ላሳድጋት ነበር።

ክርስትናዋ ላይ ቄሱ ወለተ ማርያም ብለዋታል። ቤት ስሂንዬ ናት። ስሙን ያልተቀበለው አጎቴ እንኳ ነጠላውን ካየ ወዲህ በስሟ ነው የሚጠራት።

የምትሄዱ ካላችሁ ጨርቁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ አይሸጥም። ከቀጠሯችሁ አንድ ሳምንት አስቀድሙ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በረንዳው ይጨናነቃል፣ ጋሼም ለወግ ጊዜ አይኖራቸውም።